አምስት ስፌት

ዳንቴል አልኳት፤ ደረቷ ላይ ነጭ ስላለ፣
ጥልፍ የጀመረ ሰው ሳይጨርስ እንደጣለ።
አይጥ ክሬን ቆርጣ ቆርጣ፣ ቀሚስ ሙሉ ስታጠፋ፣
ከቅዳሜ ገበያ አመጣኋት፣ በዘንቢል፣ ዝናብ እያካፋ።

ቀን ከሲንጀሬ እግር ሥር እንቅልፍ፤ ማታ ጣራ ለጣራ፤
ከቆርቆሮው ወደ ግንቡ አጥር፣
ከግንቡ ወደ ዋርካው፣ ማንን እንደሆን እንጃ ስትጣራ።
ጧት በራፌ ላይ ትገኛለች፣ ጢሟ ጤዛ እንዳዘለ፤
«የት አደርሽ?» ስላት ታዛጋለች፣ ጠያቂ እንደሌለ።
እኔም እስቅ ነበር። «ነፃ ናት» እል ነበር፣ «ልጓም የላት፣ ደወል የላት»።
በሁለት ወር ሆዷ ሰፋ፤
ያኔ ነው ነፃነቷን በሜትር የለካሁላት።

መጀመሪያ አራት ወለደች፣ ከሙሽራ ቀሚስ በተረፈኝ ሳቲን ላይ፣
ሌሊት፣ በዝምታ፤ ጧት መቀሴን ስፈልግ እጄ ሙቅ ነገር ነካ፣ ሳላይ።
አንዱን ጥላዬ ሥጋ ቤቱ፣ አንዷን የደብሩ ዘበኛ ወሰደ፤
ሁለቱ እህል በረንዳ ገቡ፤ ምርቃቱን ሰበሰብኩ፣ ልቤም ወደደ።

ደግሞ አምስት። ጥላዬ በሩን ገርበብ አርጎ፣ «ስመኝ፣ በቃኝ፤
ያ የበፊቱ ኩላሊት ሌባ ሆኖ አከሰረኝ።»
ማን ይውሰዳቸው? አንዱን ባጃጅ ወሰደው፣ ከፒያሳ መታጠፊያ፤
ሁለቱን ውሻ ወሰደ፤ አንዷን ብርድ፣ ከቆሻሻ መጣያ።
አምስተኛውን አላውቅም፤ የት እንደገባ ጠፋ።
ሀዘን ሳትቀመጥ፣ ጡቷም ሳይደርቅ፣ ሆዷ እንደገና ሰፋ።

ነሐሴ ነው። ጎንደር ጭጋግ ተከናንባ፣ ግንቡ ሳይቀር ተሸፍኖ፣
ዳንቴል ሦስት ቀን ጠፋች።
በአራተኛው መጣች፣ ጀርባዋ አጥንት ብቻ ሆኖ፣
አንድ በአፏ አንጠልጥላ። አይተነፍስም። እግሬ ሥር አኖረችው፣
የተቀደደ ሱሪ ይመስል፣ ጠግኚልኝ ብላ ያመጣችው።

ሦስቱ ግን በሕይወት ነበሩ፣ ከአጥሩ ሥር፣ ከሳማ መሀል።
ብርቄ ጎረቤቴ፦ «ዓይናቸው ሳይገለጥ፣ በጆንያ፣ ቀሃ! ማን ያያል?»
ጆንያውን ሰፋሁት። በእጄ። በድርብ ስፌት፣ በጥሩ ክር።
ድልድዩ ላይ ደረስኩ፤ ወንዙ ጭቃ ለብሶ ሲያጓራ ነበር።
ጆንያው ክንዴ ላይ ተንፈራገጠ፤ ቀጭን ነገር ተሰማ፤
ሠላሳ ዓመት የሰፋሁ ሴት፣
ስፌቴን በጥርሴ ፈታሁ፣ ድዴ እስኪደማ።

የጓሮ ክፍሌን የተከራየች ተማሪ አለች፣ የእንስሳት ሐኪም ልትሆን፤
ስሟ፣ ጉድ ነው እንግዲህ፣ ዘርትሁን።
«እትዬ» አለችኝ፣ «ማህፀኗን እናውጣላት፤ ይቅርባት ይኼ ጣጣ፤
እንዲህ ከቀጠለች አንድ ቀን እሷም ከአጥሩ ሥር አትመጣ።»
ብርቄ አማተበች፦ «እግዜር የሰጣትን ዘር? ግፍ ነው!»
ቀሃ ግፍ ያልሆነባት ብርቄ።
እኔ መልስ አልነበረኝም። ዳንቴልንም ቢሆን አልጠየቅኋት፤
አዎ ብትል፣ እምቢ ብትል፣ በምን ቋንቋ ልስማት?
ሦስቱ ጡት እስኪተዉ ጠበቅኩና፣
በዚያው በመጣችበት ዘንቢል ወሰድኳት።

ማታ ስትመለስ ዓይኗ ደፍርሷል፣ ሆዷ ተላጭቷል፤
መነጽሬን አጠለቅሁ፤ የለመደ እጅ መች ዝም ብሎ ያያል።
አምስት ስፌት። እኩል። ቋጠሮው ጠበቅ ያለ፣ ጫፉ አጭር፤
አንድም አልተጨማደደ፤ ተለማማጄ ቢያየው ይማር ነበር።
የሰፈር ወንድ ሁሉ ሆዷን አሰፋ፣ አሰፋና ሄደ፣ ምንም ሳይለፋ፤
ሆዷን የሰፋች አንዲት ሴት ናት፤
ከሰፋች ወዲህ አልሰፋ።

አሁን ወንዶቹ ቆርቆሮው ላይ ሲጮኹ አንድ ጆሮዋን ታነሳለች፣
ትመልሳለች። አንዳንዴ ግን ተነስታ ያን ሳቲን ታሸታለች።
ምን እንደምታስብ አልነገረችኝም።

ትናንት ማታ የብርቄ ጥቁር ድመት ጣራ ላይ ወጥታ ስትጣራ፣
ብርቄ ደጄ ላይ ቆማለች፣ ቀና ብላ ድመቷን፣ ዝቅ ብላ እኔን፣ በተራ።
አንድም ቃል አልተናገረች። ዘንቢል ይዛለች።
ወደ ጓሮ ዞርኩ፦
«ዘርትሁን፣ ክር አለሽ?»